ዳኒ ቶማስ፦ ስለቱን ለመክፈል ዕድሜውን የሰጠ ኮሜዲያን

ሊባኖስ ሲባል አብዛኞቻችን ቀድሞ የሚታወሰን ቤሩት ነው። ከየሰፈራችን ሻንጣ ይዘው በቦሌ የወጡ እህቶቻችን፣ በወር መጨረሻ የሚላከው ብር፣ አንዳንዴም የሚመጣው ክፉ ወሬ። ሊባኖስ ለእኛ ሰው የሚሄድባት አገር ናት። የራሷን ልጆች ለስደት የምትሰድድ አገር አትመስለንም።

ከመቶ ዓመት በፊት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ተራራማው የሊባኖስ አካባቢ ኑሮው በሐር ላይ የቆመ ነበር። ከቻይናና ከጃፓን የሚመጣው ሐር ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ዋጋው ወደቀ። መሬቱ ጠባብ፣ ቤተሰቡ ብዙ፣ ላዩ ላይ ደግሞ የኦቶማን መንግሥት ግብርና የወታደር ምልመላ አለ። ስለዚህ ሰው መርከብ እየተሳፈረ ወደ ብራዚል፣ ወደ አርጀንቲና፣ ወደ አሜሪካ ነጎደ። ኢኮኖሚክስ ስማር ስደት የዋጋ ጉዳይ እንደሆነ ተነግሮኛል። እዚህ የሚያስቀረው ነገር ሲያንስ፣ እዚያ የሚጠብቀው ሲበልጥ ሰው ይነሳል። የዛሬው ባለታሪኬ ወላጆች የተነሱት እንዲህ ካለችው ብሸሪ ከምትባል ከተማ ነው። መጻሕፍቱ በአማርኛ ተተርጉመው የምናውቀው ካህሊል ጂብራንም የተወለደው እዚያው ነው።

(እግረ መንገዴን፦ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የከረሜላ ሻጩ ልጅ

አሞስ ሙዝያድ ያዕቆብ ካይሩዝ በ1912 በሚቺጋን ግዛት ዲርፊልድ በምትባል ትንሽ ቦታ ተወለደ። ከአስር ልጆች አንዱ ነው። ያደገው ግን ኦሃዮ ውስጥ፣ ፋብሪካ በሚበዛባት በቶሌዶ ከተማ ነው። ብዙውን የልጅነት ዘመኑን በአጎቱና በአክስቱ እጅ አሳልፏል። ቤተሰቡ የማሮናዊት ቤተ ክርስቲያን ተከታይ፣ ቤት ውስጥ የሚወራው አረብኛ፣ ኑሮው ደግሞ ከእጅ ወደ አፍ ነበር።

ከቤተሰቡ ታሪኮች አንዱ ለእኛ አገር አንባቢ ሩቅ አይሆንም። ከወንድሞቹ አንዱ ሕፃን ሳለ ክፉኛ ታሞ ነበር ይባላል። እናትየው ልጄን አትርፍልኝና ለድሆች የሚሆን ሳንቲም እየለመንኩ እሰበስባለሁ ብላ ተሳለች። ልጁ ዳነ። እሷም ራሷ ድሃ ሆና ሳለ፣ ከቤት ቤት እየዞረች ለሌሎች ድሆች ለመነች። ይህን ታሪክ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሞስ በልጅነቱ ሥራ የጀመረው ቲያትር ቤት ውስጥ ነው። መድረክ ላይ ግን አልነበረም፤ በወንበሮቹ መሃል እየተሽሎከለከ ከረሜላና ጣፋጭ ይሸጥ ነበር። በጎን ዓይኑ ግን መድረኩን ይመለከታል። ኮሜዲያኑ የት ላይ ዝም እንደሚል፣ ሕዝቡ የት ላይ እንደሚስቅ ያጠናል። ትምህርት ቤቱ ይኸው ነበር ማለት ይቻላል።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወደ ዲትሮይት ሄዶ ሬዲዮ ላይ መሥራት ጀመረ። እዚያው ሬዲዮ ጣቢያ ሮዝ ማሪ ካሳኒቲ የምትባል፣ እንደሱው ከስደተኛ ቤተሰብ የተወለደች ጣሊያናዊ ዘፋኝ አገኘ። በ1936 ተጋቡ። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያ ልጃቸው ተወለደች። ችግሩም የመጣው ከልጅቱ ጋር ነው።

ሰባት ዶላር

ጊዜው የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። የምሽት ክበብ ኮሜዲያን ደግሞ የቀን ሠራተኛ ማለት ነው፤ ዛሬ ከሠራ ዛሬ ይበላል። ሚስት ልትወልድ ነው፣ የሆስፒታል ሂሳብ ይመጣል፣ እጁ ላይ ያለው ሰባት ዶላር ብቻ ነው። ዳኒ ዕድሜውን ሙሉ ደጋግሞ እንደተረከው፣ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ያቺኑ ሰባት ዶላር ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ከተታት። ለሆስፒታሉ የሚሆነውን ግን እጥፍ አድርገህ መልስልኝ ብሎ ጸለየ። በማግስቱ ከሰጠው አስር እጥፍ ገደማ የሚከፈልበት ትንሽ ሥራ አገኘ።

ኢኮኖሚስት ይህን ሲሰማ ትከሻውን ይነቀንቃል። ሰባት ዶላር ሰጥተው ምንም ያላገኙትን ሰዎች ማን ቆጠራቸው ይላል። ልክ ነው፤ እነሱ ታሪካቸውን የሚተርክላቸው የለም። ለዚህ ሰውዬ ሕይወት ዋናው ነገር ግን የተአምሩ መሆን አለመሆን አይደለም። ዋናው ነገር እሱ ማመኑ ነው፤ ያመነ ሰው ደግሞ ዕዳ አለበት።

ጥቂት ቆይቶ እንደገና ችግር ላይ ወደቀ። ቤተሰቡ በግልጽ ይህን ነገር ትተህ ሌላ ሥራ ፈልግ የሚልበት ሰዓት ነው። በዚህ ጊዜ ነው ወደ ቅዱስ ይሁዳ የተሳለው። እኛ ዘንድ ይሁዳ ሲባል ቶሎ የሚመጣብን ጌታውን በ30 ብር የሸጠው የአስቆሮቱ ሰው ነው። ይህ ግን ሌላው ይሁዳ፣ ታዴዎስ የሚባለው ሐዋርያ ነው። በካቶሊኮች ዘንድ ተስፋ የተቆረጠበት ነገር ሁሉ አማላጅ ተደርጎ ይታያል። ስለቱ እንዲህ ነበር፦ መንገዴን አሳየኝና በስምህ መታሰቢያ እሠራለሁ።

ስለት ምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ግሸን ወጥቶ፣ ቁልቢ ሄዶ የተሳለ ሰው ስለቱ እስኪሞላለት ያለቅሳል፤ ሲሞላለት ደግሞ ያስገባል። ያላስገባ እንቅልፍ የለውም።

አዲስ ስም፣ አሮጌ አፍንጫ

በ1940 ቺካጎ ሄዶ የቀድሞ የመኪና መሸጫ የነበረ አንድ የምሽት ክበብ ውስጥ ሥራ ያዘ። እንደገና ወደ ክበብ ሥራ መመለሱን ቤተሰቡ እንዳይሰማ ስሙን ለወጠ። ከወንድሞቹ የሁለቱን ስም አገጣጥሞ ዳኒ ቶማስ ሆነ። ለጥቂት ቀን የታሰበው ስም እስከ መቃብሩ ተከተለው።

የዳኒ አቀራረብ አንድ መስመር ጣል አድርጎ ማሳቅ አልነበረም። ረጅም ታሪክ ይጀምራል፣ ያወዛግባል፣ ገጸ ባሕሪዎቹን በየድምፃቸው ያናግራል፣ ሰው መጨረሻውን ሲጠብቅ መሃል ላይ ያስቀዋል። ከስደተኛ ሰፈር ያመጣው ሀብት ይኸው ነው። ሊባኖሳዊው አጎት፣ አይሁዳዊው ነጋዴ፣ አየርላንዳዊው ጎረቤት፣ ሁሉም አፉ ላይ ነበሩ። ቺካጎ ወደደችው። ከዚያ ኒው ዮርክ ተከተለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከታዋቂዋ ማርሌን ዲትሪች ጋር ሰሜን አፍሪካና ጣሊያን ድረስ እየሄደ ወታደሮችን አዝናና።

ሆሊዉድ ስትጠራው ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበራት፤ አፍንጫህን አሳጥር አለችው። የዳኒ አፍንጫ ትልቅ፣ ጎበጥ ያለ፣ ከሩቅ የሚታወቅ አፍንጫ ነው። የፊልም ኩባንያ አለቆች ቀዶ ሕክምና ቢያደርግ ለዋና ተዋናይነት ይሆናል ብለው ነበር። እምቢ አለ። ያን ጊዜ እምቢ ማለት ቀላል አልነበረም፤ ስሙን የቀየረ ብዙ ነው፣ መልኩን የቀየረም እንደዚያው። እሱ ስሙን ለሥራ ሰጠ፣ የአባቱን ፊት ግን አልሰጠም። እንደዚያም ሆኖ በ1951 ከዶሪስ ዴይ ጋር፣ በ1952 ደግሞ «ዘ ጃዝ ሲንገር» በተባለው ፊልም ዋና ተዋናይ ሆኖ ሠራ። ግን የሲኒማ ኮከብ አልሆነም። ዕድሉ የነበረው ከሲኒማው ሳይሆን ሳሎን ውስጥ ከምትቀመጠው አዲሷ ሳጥን ዘንድ ነው።

ለአባባ ቦታ ልቀቁ

ዳኒ በየከተማው እየዞረ ሲሠራ ቤቱ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነበር። እሱ በሌለ ጊዜ ሴቶች ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ይተኙና ልብሳቸውን በአባታቸው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣሉ። እሱ ሲመጣ ደግሞ ልብሳቸውን ጠራርገው ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ። ለአባባ ቦታ ልቀቁ ይባላል። አስቂኝ ነው አይደል? ግን ጠጋ ብለው ሲያዩት የሚያሳዝንም ነገር አለው። አባት በገዛ ቤቱ እንግዳ ነው። ውጭ አገር ሆኖ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ብሩ በየወሩ ይደርሳል፣ ሰውዬው ግን ሲመጣ ወንበሩ ተይዟል።

ከዚህች የቤት ውስጥ ቀልድ በመስከረም 1953 «ሜክ ሩም ፎር ዳዲ» የተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ተወለደ። ዳኒ የተጫወተው ዳኒ ዊሊያምስ የተባለ፣ ሥራና ቤተሰብ የሚያወዛግቡት የምሽት ክበብ አዝናኝ ነው። ማለትም ራሱን ነው የተጫወተው። ገጸ ባሕሪው ሊባኖሳዊ ዝርያ ያለው ነበር፤ ቱኑስ የሚባል ጢማም፣ ጯሂ፣ ዘመድ ወዳድ ሊባኖሳዊ አጎትም አለው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ከአረብ አገር የመጣ ቤተሰብ፣ ያውም እራት ላይ ተቀምጦ እንደማንኛውም ቤተሰብ ሲጨቃጨቅ ማየት ብርቅ ነው። አጎትየውን የተጫወተው ሃንስ ኮንሪድ ግን ሊባኖሳዊ አልነበረም።

ዳኒ በዚሁ ሥራው የኤሚ ሽልማትን አገኘ። ድራማው ግን ሳይፈተን አልቀረም። ሚስት ሆና የምትሠራው ጂን ሄገን ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ለቀቀች። የዚያ ዘመን የቤተሰብ ኮሜዲ ውስጥ እናት ትሞታለች ተብሎ አይታሰብም ነበር፤ እነሱ ግን ገጸ ባሕሪዋ ሞታለች አሉና ዳኒን ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆች የሚያሳድግ አባት አደረጉት። ቆይቶ ማርጆሪ ሎርድ የተጫወተቻትን ሴት አገባ። በ1957 ድራማው ወደ ሲቢኤስ ጣቢያ ተዛወረና «አይ ላቭ ሉሲ» በለቀቀው የሰኞ ምሽት ሰዓት ገባ። እዚያም እስከ 1964 ዘለቀ። በጠቅላላው 11 ዓመት መሆኑ ነው።

ከደመወዝ ወደ ድርሻ

እዚህ ላይ የሙያዬን ነገር ላንሳ። ተዋናይ ጉልበቱን የሚሸጥ ሰው ነው፤ መድረክ ላይ ካልወጣ ገቢ የለውም። ዳኒ ይህን ከረሜላ ከሚሸጥበት ጊዜ ጀምሮ ያውቀዋል። ስለዚህ ከዳይሬክተሩ ከሼልደን ሌናርድ ጋር ሆኖ የራሱን የፕሮዳክሽን ኩባንያ አቋቋመ። የሌሎችን ድራማ ማዘጋጀትም ጀመረ። በ1960 በራሱ ድራማ አንድ ክፍል ውስጥ አንዲ ግሪፊዝን የገጠር ፖሊስ አዛዥ አድርገው አስገቡት። ሕዝቡ ወደደው፤ «ዘ አንዲ ግሪፊዝ ሾው» ከዚያ ወጣ። በ1961 ደግሞ ከካርል ራይነር ጋር «ዘ ዲክ ቫን ዳይክ ሾው» መጣ። ሁለቱም ከአሜሪካ ቴሌቪዥን ታሪክ ከማይረሱት ውስጥ ናቸው።

ከዲክ ቫን ዳይክ ጋር ሚስቱን ሆና የምትሠራ ተዋናይት ሲፈለግ ዳኒ አንዲት ልጅ ትዝ አለችው። ስሟ ጠፍቶበታል፤ ሦስት ስም እንዳላት ብቻ ያስታውሳል። ቀደም ሲል በራሱ ድራማ የሴት ልጁን ቦታ ለመያዝ ተፈትና ነበር። ጎበዝ ነበረች፣ ግን አፍንጫዋ ትንሽ ናት፤ ይህን አፍንጫ ያየ ሰው የእኔ ልጅ ናት ብሎ አያምንም ብሎ መለሳት። ተፈልጋ ተገኘች። ሜሪ ታይለር ሙር ትባላለች። ከዚያ በኋላ የሆነችውን መናገር አያስፈልግም።

በ1965 ደግሞ እንደሱው የሊባኖስ ዝርያ ካለው ከጠበቃው ጆ ሮቢ ጋር ሆኖ የማያሚ ዶልፊንስን የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። የከረሜላ ሻጩ ልጅ ባለድርሻ ሆኗል። አሁን ጥያቄው አንድ ነው፤ ስለቱስ?

ስለት ሲዘገይ

ዳኒ የተሳለው ገና ስም ሳይኖረው ነው። ሆስፒታሉ የተከፈተው በ1962 ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ማለት ነው። ይህን የምለው ልከሰው ብዬ አይደለም፤ ነገሩ እንዴት እንደከበደ ለማሳየት ነው። መጀመሪያ ያሰበው ምናልባት ሐውልት፣ ምናልባት ትንሽ ጸሎት ቤት ነበር። ልጅ ሆኖ የሚያውቁት የቺካጎው ካርዲናል ሳሙኤል ስትሪች ግን ለሰው የሚጠቅም ነገር ሥራ፣ ሐሳቡ ሆስፒታል ከሆነ ደግሞ የትውልድ ግዛቴ ቴነሲ ውስጥ ያለችውን ሜምፊስን ተመልከት ብለው መከሩት።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዳኒና ሚስቱ በመኪና አገር ለአገር እየዞሩ ገንዘብ ይለምኑ ጀመር። እናቱን አስታወሳችሁ? ልጅየው ያንኑ ልመና በሰፊው ያዘው። ሕንፃውን የነደፈው ጥቁር አሜሪካዊው አርክቴክት ፖል ዊሊያምስ ነው፤ ለንድፉ ክፍያ አልተቀበለም።

ሕንፃ ግን አንዴ ይሠራል፤ ሆስፒታል በየቀኑ ይበላል። ማን ይክፈል? ዳኒ በ1957 ዓይኑን ወደ ወገኖቹ አዞረ። ከሊባኖስና ከሶሪያ የመጡ ስደተኞችና ልጆቻቸው ቺካጎ ላይ ተሰብስበው አልሳክ የተባለውን የገንዘብ አሰባሳቢ ድርጅት መሠረቱ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ይህች አገር ተቀብላናለች፣ እኛም በስማችን አንድ ነገር እንመልስላት።

እኛ ዕድርና ዕቁብ የምናውቅ ሰዎች በአንድ እጅ ስጥ በሌላው ተቀበል የሚለው ነገር አዲስ አይሆንብንም። ከብዙ ኪስ ጥቂት ጥቂት መሰብሰብ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ዕድር የሚቀብረው አባሉን ነው። እነዚያ ባለሱቆችና የፋብሪካ ሠራተኞች ግን ያዋጡት ለማያውቋቸው ሰዎች ልጆች ነው። በስደት ላይ ያለ ማኅበረሰብ መጀመሪያ ለራሱ ቤተ ክርስቲያን፣ ለራሱ ማኅበር ቤት፣ ለአገር ቤት ቤተሰብ ይላል። ይህም ያስፈልጋል። እነሱ ግን ከዚያ አለፉ።

የካቲት 4 ቀን 1962 የቅዱስ ይሁዳ የሕፃናት ምርምር ሆስፒታል ሜምፊስ ላይ ተከፈተ። ጊዜውንና ቦታውን አስተውሉ። ደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ውስጥ ጥቁርና ነጭ በአንድ ምግብ ቤት የማይቀመጥበት ዘመን ነው። ሆስፒታሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሕፃናትን በቀለም ሳይለይ በአንድ ክፍል ተቀበለ። ወላጅም ሂሳብ አይላክለትም።

ከ100 አራት

ያኔ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የተባለው የሕፃናት የደም ካንሰር የሞት ፍርድ ነበር። በሕይወት የሚተርፉት ከ100 ሕፃናት 4ቱ ገደማ ናቸው። ሐኪሞች የሚያደርጉት ዕድሜ በጥቂት ወር ማራዘም ነበር። የሆስፒታሉ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ዶክተር ዶናልድ ፒንክል፣ ራሱ ከፖሊዮ የተረፈ ሰው፣ ማራዘሙ ይቅር፣ ማዳኑን እንሞክር አለ። መድኃኒቶችን አንድ በአንድ ከመስጠት ይልቅ በአንድነት መስጠት፣ በሽታው የሚደበቅበትን አንጎልና ሕብለ ሰረሰር አብሮ ማከም፣ ከዚያም ሕክምናውን ለዓመታት ሳያቋርጡ መቀጠል ነበር ዘዴው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው አምስተኛው ሙከራ ግማሽ ያህሉ ሕፃናት ዳኑ። ዛሬ በዚያው ሆስፒታል ቁጥሩ ከ100 ወደ 94 ደርሷል። የተገኘው እውቀት ለሌላውም ሐኪም ክፍት ነው። ቶሌዶ ያደገው ኮሜዲያን ያሰባሰበው ሳንቲም ስሙን ሰምተው የማያውቁ ሕፃናት ዘንድ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

እውነቱን ለመናገር ድርጅቱ ሲያድግ ጥያቄም መጣ። አልሳክ ዛሬ በዓመት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይሰበስባል። በ2021 የአሜሪካ የምርመራ ጋዜጠኞች ድርጅቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ተቀማጭ ይዞ ሳለ፣ ልጅ የሚያስታምሙ አንዳንድ ወላጆች ከሥራ በመቅረታቸው ዕዳ ውስጥ እንደሚገቡ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉ ለቤተሰቦች የሚሰጠውን ድጋፍ አስፍቷል። ደግ ሥራም ቢሆን ሂሳቡ መጠየቅ አለበት። በሰባት ዶላር የተጀመረ ነገር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ መጠየቅ አለበት።

የመጨረሻው ሳምንት

ልጆቹ በአባታቸው መንገድ ሄደዋል። የሆስፒታል ሂሳቧ ያስጨነቀው ያቺ የመጀመሪያ ልጅ ማርሎ ቶማስ ናት። በ1966 «ዛት ገርል» በተባለው ድራማ ባል ሳታገባ ብቻዋን ኒው ዮርክ የምትኖር፣ ሥራዋን የምታሳድድ ወጣት ሆና ተጫወተች፤ ለዚያ ዘመን ደፋር ነገር ነበር። ወንድሟ ቶኒ ታዋቂ የቴሌቪዥን ፕሮዲውሰር ሆነ። ዳኒ ራሱ በ1985 የአሜሪካ ምክር ቤት የወርቅ ሜዳሊያ ከፕሬዝዳንት ሬጋን እጅ ተቀበለ። በ2012፣ በተወለደ በ100 ዓመቱ፣ የአሜሪካ ፖስታ መሥሪያ ቤት ቴምብር አወጣለት።

በየካቲት 1991 መጀመሪያ ሜምፊስ ሄዶ ከሕፃናቱና ከሠራተኞቹ ጋር የሆስፒታሉን 29ኛ ዓመት አከበረ። ሎስ አንጀለስ ተመለሰ። ከበዓሉ ከሁለት ቀን በኋላ፣ የካቲት 6 ቀን፣ ልቡ ቆመ። 79 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው ሆሊዉድ አይደለም፣ ቶሌዶም አይደለም፤ እዚያው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነው። በ2000 ሮዝ ማሪ አጠገቡ አረፈች።

አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ዳኒ ያን ዕለት ሰባት ዶላሩን ይዞ ቤተ ክርስቲያን የገባው የሆስፒታል ሂሳብ ፈርቶ ነው። ዛሬ እሱ በተቀበረበት ግቢ የታመመ ልጅ ታቅፎ የሚገባ አባት፣ ኪሱ ውስጥ ስንት እንዳለ የሚጠይቀው የለም።